ደጁና ጓዳው፦ የባልዛክን «አባባ ጎርዮ» እንዴት እናንብብ?

ክቡራትና ክቡራን፣ የንባብ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ? ሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ተቃራኒ መቼቶችና አሳሳች ገጽታዎች በአንድ የፈረንሳይ ልብ ወለድ» የሚል ነው። እኔ ርዕሱን በቤታችን ቋንቋ ልጥራው፦ ደጅና ጓዳ። ዛሬ በምናነሳው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ፣ ያለ ሰውም ሁሉ፣ ደጅና ጓዳ አለው። ደጁ ለእንግዳ የተሰናዳ ነው። ጓዳውን የሚያይ ግን ወይ የተሳሳተ በር የከፈተ ነው፣ ወይ በቁልፍ ቀዳዳ ያጮለቀ ነው፣ ወይ ደግሞ ልብ ብሎ ያነበበ ነው።

መጽሐፉ የኦኖሬ ደ ባልዛክ «ለ ፔር ጎርዮ» ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1834 መጨረሻ በመጽሔት እየተከታተለ መውጣት ጀመረ፣ በ1835 መጽሐፍ ሆነ። ታሪኩ ከ1819 መገባደጃ እስከ 1820 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ፓሪስ ውስጥ ይፈጸማል። ጎርዮ ሥራውን የተወ የፓስታ ነጋዴ ነው። ሀብቱን ለሁለት ሴት ልጆቹ መዳሪያ አድርጎ ሰጠ፤ አንዷ አናስታዚ የመኳንንት ዘር የሆነ የቆንት ሚስት ሆነች፣ ሌላዋ ዴልፊን የባንክ ባለቤት የሆነ ባሮን አገባች። እሱ ርካሽ ማደሪያ ገባ። በዚያው ማደሪያ ከአንጉሌም አካባቢ የመጣ ድሃ የሕግ ተማሪ አለ፣ ራስቲኛክ። ከበታቹ ፎቅ ደግሞ ቮትራን የሚባል ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ሁሉን አዋቂ ሰው አለ።

ወደ ቤቱ ከመግባታችን በፊት በርዕሱ ላይ ትንሽ እንቆይ። «ፔር» ማለት አባት ነው። ነገር ግን ፈረንሳዮች ዝቅ ያለ ኑሮ ያለውን ሽማግሌም ከስሙ በፊት «ፔር» ይሉታል። ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? «ሽማግሌው ጎርዮ» ብንል አባትነቱ ይጠፋል። «አባ ጎርዮ» ብንል መነኩሴ ይመስላል። እኔ «አባባ ጎርዮ» ማለቱን እመርጣለሁ። አባባ ለወላጅም እንላለን፣ በር ላይ ለተቀመጠ ስሙን ለማናውቀው አዛውንትም እንላለን። መጽሐፉ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ሰውየው እንደመጣ «ሙሴ ጎርዮ» ነበር፣ አቶ ጎርዮ ማለት ነው። የቤት ኪራዩን የቀነሰ ዕለት ባለቤቲቱ ማዳም ቮኬ «ፔር ጎርዮ» ትለው ጀመር። አያችሁ? ርዕሱ ራሱ የዋጋ ቅናሽ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ አንድ ሰው በዚህች ቃል ምክንያት በር ይዘጋበታል።

ዛሬ ሦስት ነገር አነሳለሁ፦ ቤቱን፣ የተሳሳተውን በር፣ የቁልፉን ቀዳዳ። ጊዜ ከተረፈን ወደ ሞቱ አልጋ እንሄዳለን።

አንደኛ፣ ቤቱ። ብዙ አንባቢ ይህን መጽሐፍ ጀምሮ የሚተወው የት ላይ ነው? መግቢያው ላይ ነው። ባልዛክ አንድ ቤት ከአጥሩ እስከ ጣሪያው፣ ከመጋረጃው እስከ ሽታው እየዘረዘረ ገጽ በገጽ ይሄዳል፤ ሰው ገና አልተናገረም። «ታሪኩ መቼ ይጀምራል?» ብሎ የሚዘል አለ። እባካችሁ አትዝለሉ! ታሪኩ ተጀምሯል። የዘለለ ሰው ኋላ የሚመጣውን ሁሉ እንደ ድንገተኛ ነገር ነው የሚያየው፤ ያልዘለለው ግን «ነግሮኝ ነበር» ይላል።

ቤቱ «ሜዞን ቮኬ» ይባላል። ፔንሲዮን ነው። ይህ ቃል እኛ ዘንድ ለአዳር ማደሪያ ቀርቷል፤ እዚያ ግን መኝታና ምግብ በወር እየተከፈለ የሚኖርበት ቤት ነው። መንገዱ ያኔ ኔቭ ሴንት ዠንቪየቭ ይባል ነበር፣ ዛሬ ሩ ቱርንፎር ነው። ቁልቁለቱ የበረታ ስለሆነ ፈረስ እንኳ እምብዛም አያልፍበትም ይላል ባልዛክ። ሠረገላ የማይደርስበት ሰፈር መሆኑን ልብ በሉ። በኋላ ባለ ሠረገሎቹን ሰፈሮች ስናይ ይጠቅመናል።

ከመንገድ ላይ ሆናችሁ በፍርግርጉ በር አሻግራችሁ ስታዩ መጀመሪያ የሚታያችሁ ምንድን ነው? ግድግዳ ውስጥ የገባ የአረንጓዴ እብነ በረድ ቅስት። ቀረብ በሉ። እብነ በረድ የለም፣ ቅስትም የለም። የሰፈር ሠዓሊ ግድግዳው ላይ የቀባው ቀለም ነው። ከሥዕሉ ፊት የፍቅር አምላክ ሐውልት ቆሟል፣ ቅቡ ተልጧል። መጽሐፉ ገና ሲከፈት፣ አንድም ሰው ሳይዋሽ፣ ግድግዳው ዋሸ ማለት ነው።

ግቡ። ሳሎኑ ውስጥ የእሳት ምድጃ አለ፤ ምድጃው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ምድጃ ምን ማለት ነው? እሳት የሚነድበት ለትልቅ ቀን ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ የባልዛክ አሠራር ነው፦ የሚያስመሰግን የሚመስል ነገር ያሳያችኋል፤ ምክንያቱን ስትጠይቁ ቁጥቁጥነት ይወጣል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቴሌማክ ከተባለው ታሪክ የተወሰደ ሥዕል አለበት፤ ካሊፕሶ የተባለችው እንስት አምላክ ለኡሊስ ልጅ ያደረገችው ግብዣ ነው። ድህነት በመጥፎ እራት የፈረደባቸው ወጣቶች አርባ ዓመት ሙሉ ያንን የተሣለ ግብዣ እያዩ ሲቀልዱ ኖረዋል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ላስቲክ ከቅባቱ ብዛት የተነሣ ለምግብ ብቻ የሚመጣ ቀልደኛ ተመላላሽ በጣቱ ስሙን ሊጽፍበት ይችላል። የተሣለው ግብዣና ቅባታሙ ጠረጴዛ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት።

አሁን ፎቆቹን ቁጠሩ። ይህን ክፍል ስታነቡ እርሳስ ያዙ። ምድር ቤቱ ሳሎን፣ ምግብ ቤትና ኩሽና ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ ባለቤቲቱ ራሷ አለች፤ ከጎኗ ማዳም ኩቱር የምታሳድጋትን ቪክቶሪንን ይዛ በዓመት 1,800 ፍራንክ ትከፍላለች። ሁለተኛ ፎቅ ቮትራንና ፗሬ፣ እያንዳንዳቸው በወር 72። ሦስተኛ ፎቅ ማድሞዋዜል ሚሾኖና ጎርዮ፣ ምግብና መኝታ በወር 45። ከጣሪያው ሥር ሠራተኞቹ፣ ክሪስቶፍና ወፍራሟ ሲልቪ። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ሊፍት በሌለበት ዘመን ደረጃ መውጣት የድሃ ዕጣ ነበር።

ጎርዮም በዚህ ደረጃ ነው የወጣው። በ1813 ሲገባ አንደኛ ፎቅ ነበር፣ በዓመት 1,200 ፍራንክ። ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ሁለተኛ ፎቅ፣ 900። ሦስተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ሦስተኛ ፎቅ፣ በወር 45፤ ደምሩት፣ በዓመት 540 ነው። ሲመጣ 18 ከጥሩ በፍታ የተሰፉ ሸሚዞች፣ ደረቱ ላይ በቀጭን ሰንሰለት የተያያዙ ባለ አልማዝ ሁለት መርፌዎች፣ ፀጉሩን በየቀኑ የሚነሰነስ ዱቄት ነበረው። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ትንባሆውን ተወ፣ ፀጉር ሠሪውን አሰናበተ፣ ዱቄቱን አቆመ። ያለ ዱቄት የታየ ዕለት ባለቤቲቱ ጮኸች፤ ፀጉሩ አረንጓዴ የሚመታው እድፋም ሽበት ነበር። አልማዙ፣ የወርቁ የትንባሆ ዕቃ፣ ሰንሰለቱ አንድ በአንድ ጠፉ።

የጎረቤቶቹ ፍርድ ምን ነበር? ሴሰኛ ነው አሉ። ማስረጃስ? ማስረጃማ ነበራቸው። አንዲት ቆንጆ ወጣት ጠዋት ቀለል ያለ ልብስ ለብሳ መጣች። በሌላ ቀን ማታ አንዲት ለዳንስ ግብዣ የለበሰች ወይዘሮ መጣች። «ሁለት!» አለች ሲልቪ። ቀጥሎ ረዥም ጠይም ሴት መጣች፤ «ሦስት!» ከቀናት በኋላ በሠረገላ አንዲት ያጌጠች መጣች፤ «አራት!» ሰውየው «ልጄ ናት» ብሏቸዋል። ማን ይመን? ሁለት ልጆች የጠዋትና የማታ ልብስ ስለቀያየሩ አራት ውሽሞች ሆነው ተቆጠሩ። ፊታቸውን ያየ የለም፤ ሁሉም ያየው ቀሚሱን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቮትራን አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ፣ ምክንያቱም እሱም የተገለጠው በዚያው በመግቢያው ነው። ባልዛክ ሲያስተዋውቀው እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚለው፦ ዕድሜው አርባ ገደማ፣ ጥቁር ዊግ የሚያደርግ፣ የጉንጩን ጢም ቀለም የሚቀባ፣ ነጋዴ ነበርኩ የሚል። «የሚል» የምትለዋን ቃል አትለፏት። ነጋዴ ነበር አላለም። ጥቂት ገጽ ቆይቶ እጁን ይገልጥላችኋል፤ ወፍራም፣ አራት ማዕዘን የመሰለ እጅ፣ በጣቶቹ መገጣጠሚያ ላይ እሳት የመሰለ ቀይ ፀጉር የበቀለበት። ዊጉ ጥቁር ነው፣ ጢሙ የተቀባ ነው፣ የጣቱ ፀጉር ቀይ ነው! ከዚያ ደግሞ ቁልፍ ሲበላሽ ይፈታል፣ ይሞርዳል፣ ዘይት ይቀባል፣ መልሶ ይገጥማል፤ «የማውቀው ሥራ ነው» ይላል። የቤቱ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ደግ ሰው!» ይላል። ቁልፍ መፍታት የሚችለው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም። መጽሐፉ ከግማሽ በላይ ሄዶ የፖሊስ አለቃው በጥፊ ዊጉን ከራሱ ላይ ሲያስወነጭፈው የጡብ ቀለም ያለው አጭር ፀጉር ይወጣል፤ ሰውየው ዣክ ኮላን ነው፣ ከእስር ቤት የጠፋ ወንጀለኛ፣ በወንጀለኞች ዘንድ «ሞትን አታላይ» የሚባል። የተደነቀ አንባቢ ካለ ጣቶቹን ያላየ ነው።

ሁለተኛ፣ የተሳሳተው በር። ራስቲኛክ የጎርዮን ታላቅ ልጅ አናስታዚን፣ በባሏ ስም ማዳም ደ ሬስቶን፣ ሊጠይቅ ይሄዳል። የማን ልጅ እንደሆነች ገና አያውቅም። ሩ ዱ ኤልዴር ነው ቤቷ፣ አዲሱ ገንዘብ ከሰፈረበት የሾሴ ዳንተን ሰፈር። በእግሩ ነው የሚሄደው። ጭቃ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ ይሄዳል፤ ስለ ምን እንደሚናገር ሲያልም ጭቃ ይረጨዋል። ፓሌ ርዋያል ላይ ቆሞ ጫማውን ያስጠርጋል፣ ሱሪውን ያስቦርሻል፤ ለክፉ ቀን የያዛትን 30 ሱ ይዘረዝራል። 20 ሱ አንድ ፍራንክ ነው፤ ስለዚህ አንድ ፍራንክ ተኩል መሆኗ ነው። ግቢው ሲደርስ በእግሩ መግባቱን አሽከሮቹ አይተው በዓይናቸው ናቁት። ጭቃው ተጠርጓል፣ ንቀቱ ግን ቀረ፤ አሽከሮቹ የቆጠሩት ሠረገላ አለመኖሩን ነውና።

አሁን በደንብ አድምጡኝ፤ ለእኔ የመጽሐፉ ቁልፍ ይህ ነው። ቤቱን የለመደ ለመምሰል ብሎ አሽከሩን ሳይጠብቅ ራሱ በር ከፍቶ ይገባል። ምን ውስጥ ገባ? መብራቶች፣ ቁም ሳጥኖች፣ የመታጠቢያ ፎጣ ማሞቂያ ያለበት ክፍል ውስጥ። ከዚያ ወደ ጨለማ መተላለፊያና ወደ ጓሮ ደረጃ የሚያወጣ። ጓዳ ገባ! ከኋላው አሽከሮቹ ሳቃቸውን ሲያፍኑ ይሰማል። አፍሮ ሊመለስ ሲል ምን ይሰማል? የቆንቴሷን ድምፅ፣ የአባባ ጎርዮን ድምፅ፣ ከዚያም የመሳም ድምፅ። ቀጥሎ በመስኮት ሲያይ ሽማግሌው በጓሮ ደረጃ ወርዶ በግቢው ሲወጣ፣ በዋናው በር እየበረረ የገባ የአንድ ጎረምሳ ሠረገላ ሊድጠው ነበር። ሠረገላው የልጁ ውሽማ የማክሲም ደ ትራይ ነው። አባት በጓሮ ይወጣል፣ ውሽማ በፊት በር ይገባል። ሁለቱም ግቢው መሃል ተገናኙ። ባልዛክ ስለዚህ ቤት ሌላ ምንም ባይጽፍ ይህ ይበቃ ነበር።

ራስቲኛክ ያየውን አልተረዳውም። ሳሎን ገብቶ ወሬ ለመጀመር «አንድ ጎረቤቴ ከእናንተ ቤት ሲወጣ አየሁ፣ አባባ ጎርዮ» ይላል። ቆንቱ እሳት የሚቆሰቁስበትን ጉጠት እንዳቃጠለው ሁሉ ምድጃው ውስጥ ወርውሮ ይነሣል። «አቶ ጎርዮ ማለት ይችሉ ነበር!» ይለዋል። ያቺን ቃል አስታወሳችኋት? አማቱን በጓሮ የሚያስወጣ ቤት በስሙ ላይ ግን «አቶ» ይፈልጋል። ራስቲኛክ እንደወጣ ትእዛዝ ተሰጠ፦ ይህ ሰው በመጣ ቁጥር ቆንቱም ቆንቴሷም የሉም በሉት። እዚህ ላይ የአማርኛ ተርጓሚ ቢኖር የአክብሮት ቃሉን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ራስቲኛክ «አባባ ጎርዮ» ያለው በፔንሲዮኑ ቋንቋ ነው፤ ጓዳውን በአፉ ይዞ ሳሎን ገባ።

ሦስተኛ፣ የቁልፉ ቀዳዳ። አንድ ሌሊት ራስቲኛክ ከግብዣ ዘግይቶ ገብቶ ሊያጠና ሲቀመጥ ከጎረቤቱ ክፍል የማቃሰት ድምፅ ይሰማል። ሽማግሌው ታመመ ብሎ ይወጣል፤ በበሩ ሥር ብርሃን አለ። በቀዳዳው ያያል። ጎርዮ ጠረጴዛውን ገልብጦ ከእግሮቹ ማያያዣ ጋር በወርቅ የተለበጠ የብር ሳህንና ጎድጓዳ የሾርባ ዕቃ አስሯል። በገመድ ጠምጥሞ፣ ባለ በሌለ ጉልበቱ እየሳበ፣ ያን የተቀረጸ ዕቃ እንደ ሊጥ ያጣጥፈዋል። ተማሪው ምን አሰበ? ሌባ ነው ወይስ የተሰረቀ ዕቃ ተቀባይ? ለሥራው እንዲመቸው ነው ሞኝና ደካማ መስሎ እንደ ለማኝ የሚኖረው?

ቆም በሉ። ያ ዕቃ ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ራስቲኛክ አያውቅም። መግቢያውን ያልዘለለ ያውቃል! ጎርዮ በመጣበት ዕለት ዕቃውን ለባለቤቲቱ ሲያሳይ በክዳኑ ላይ ሁለት ርግቦች አፍ ለአፍ የገጠሙበት አንድ ዕቃ አንሥቶ ነበር። ሚስቱ በጋብቻቸው መታሰቢያ ቀን የሰጠችው የመጀመሪያ ስጦታ ነው፣ በልጃገረድነቷ ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ የገዛችው። ከእሱ ከምለይ መሬቱን በጥፍሬ ብቧጥጥ ይሻለኛል ብሎ ነበር። አሁን ያጣመመው እሱን ነው። በማግስቱ ጠዋት ለአንጥረኛ ይሸጠዋል፣ የአናስታዚን ዕዳ ከአራጣ አበዳሪ ያወጣል፣ የተከፈለውን ሰነድ በክሪስቶፍ እጅ ይልክላታል። ቀዳዳው እውነቱን አሳይቷል፤ ያየው ዓይን ግን በስህተት ተረጎመው። ማጮለቅ ብቻውን ጓዳን አያሳይም፤ የዕቃውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በዚያው ሌሊት ራስቲኛክ ከሁለተኛ ፎቅ፣ ከቮትራን ክፍል፣ ብርሃን ያያል፤ የወርቅ ሳንቲም ድምፅ፣ የሁለት ሰው ትንፋሽ፣ ኮቴ የሌለው እርምጃ ይሰማል። «በአንድ ፔንሲዮን ውስጥ ይህ ሁሉ ምስጢር!» ብሎ ይተኛል። ተመልከቱ እንግዲህ! ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን አባት በሌብነት ጠረጠረ፤ እውነተኛው ወንጀለኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ገንዘብ ሲቆጥር አለፈው። ሁለቱን በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ደረጃ ላይ ነው ያስቀመጠልን። ባልዛክን የምወደው በእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አሁን ስለ አነባበብ አንዳንድ የሚጠቅም ነገር ልናገር። ብዙ እትሞች ምዕራፍ የላቸውም፤ ሦስት መቶ ገጽ አካባቢ ያለ እረፍት ይሄዳል፣ አንባቢም ይደክማል። ስለዚህ ራሳችሁ በአራት ክፈሉት። መጀመሪያ ሲወጣ ይዟቸው የነበሩት ርዕሶች ይበቃሉ፦ ፔንሲዮኑ፣ ወደ ከፍተኛው ኅብረተሰብ መግባት፣ ሞትን አታላይ፣ የአባት ሞት። ደብተር ላይ ሦስት ዐምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ቦታውን ከነፎቁ፣ በሁለተኛው በዚያ ቦታ የተጠቀሰውን ገንዘብ፣ በሦስተኛው ያ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ወይም ማን እንደከፈለው። ሦስተኛው ዐምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ሃምሳ ገጽ ቆይቶ ትሞሉታላችሁ። ባዶ ሲሆን አትጨነቁ፤ ባልዛክ ሆነ ብሎ ያቆያችሁ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሙላ። የሩ ሳን ላዛር ቤት፣ የዴልፊን። ባልዛክ የባንክ ባለቤት ቤት ነው ይለናል፦ ቀጫጭን ዓምዶች፣ የማያስከብር መግቢያ፣ ደረጃው ላይ የእብነ በረድ ጌጥ። ገንዘብ? በየቦታው። ማን ያዘዋል? ባልየው። ዴልፊን ራሷ ሳንቲም የላትም፤ ራስቲኛክን 100 ፍራንክ አስይዛ ቁማር ቤት ትልከዋለች። 7,000 ይዞ ይመለሳል፤ 6,000ው ለቀድሞ ውሽማዋ ዕዳ ይሄዳል። ሠረገላ ያላት ሴት ዕዳዋን በቁማር ነው የከፈለችው። እዚህ ላይ ሦስተኛው ዐምድ «ቁማር» ይላል።

በዚህ ደብተር ምክንያት የሚመጣ አንድ ስህተት አለ፣ ላስጠንቅቃችሁ። አንባቢ ጥቂት ከሞላ በኋላ «ገባኝ፤ ሀብታሙ ቤት ሐሰት ነው፣ ድሃው ቤት እውነት ነው» ይላል። አይደለም! ማዳም ደ ቦሴአንን ተመልከቱ። ሩ ደ ግረኔል፣ የድሮው መኳንንት ሰፈር፣ የፓሪስ ትልቁ ደጅ እሷ ዘንድ ነው። ውሽማዋ ጥሏት ሌላ ሊያገባ ነው፤ ፓሪስ ሁሉ ያውቃል። በመጨረሻዋ ግብዣ ላይ የ500 ሠረገላ ፋኖስ የቤቷን አካባቢ አብርቶታል። ሰው የመጣው ስትወድቅ ሊያይ ነው። እሷ ነጭ ለብሳ፣ ፀጉሯን እንዲያው ጎንጉና፣ ያለ አንዲት ጌጥ፣ የረጋ ፊት ይዛ ቆማለች። ጓዳ ገብታ ደብዳቤዎቹን ታቃጥላለች፤ ሊነጋጋ ሲል ሠረገላ ውስጥ ገብታ ወደ ኖርማንዲ ትሄዳለች። በዚህ ቤት ደጁ የሸፈነው እውነተኛ ሐዘን ነው። ድሃው ሜዞን ቮኬስ? ማዳም ቮኬ ሽማግሌው ሲሞት አንሶላ ሲጠየቅ «የተገለበጡትን አምጪ፣ ለሞተ ሰው ይበቃዋል» የምትል ሴት ናት።

ጎርዮም ራሱ ቅዱስ አይደለም። ሀብቱን ያገኘው በአብዮቱ ዘመን ነው፣ ሕዝብ እንጀራ አጥቶ በተሰለፈበት ጊዜ ዱቄቱን በአሥር እጥፍ በመሸጥ። ለልጆቹ በሰጠው በእያንዳንዱ ፍራንክ ውስጥ ይህ አለ። ባልዛክ አልደበቀውም፤ አንባቢ ግን አዝኖለት ይረሳዋል። ስታዝኑለት እዘኑለት፣ እኔም አዝንለታለሁ፤ ዱቄቱን ግን ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ወደ መጨረሻው እንሂድ። ለዚያ ለማዳም ደ ቦሴአን የመጨረሻ ግብዣ አናስታዚ የወርቅ ክር የተፈተለበት ቀሚስ አሠርታለች፤ 1,000 ፍራንክ ካልተከፈለ ቀሚሱ አይሰጥም ተባለ። ሽማግሌው ታሞ ተኝቷል። ከአልጋው ተነሥቶ የቀሩትን የብር ማንኪያዎችና የጫማ ዘለበቶች በ600 ሸጠ፤ ለቀሪው 400 የዓመት ገቢውን አራጣ አበዳሪ ዘንድ አስያዘ። አስሉት፤ የሦስተኛ ፎቁ ኑሮ በዓመት 540 ነበር። አንድ ቀሚስ ማለት ሁለት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ገደማ የጎደለው የአባቷ እንጀራና አልጋ ነው። ማታ ቀሚሱን ለብሳ ግብዣው ላይ ዋለች፣ ባሏ አልማዙን እንድታደርግ ያስገደዳት ደግሞ ያለመሸጡን ሰው እንዲያይ ነው። ራስቲኛክ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ሁለቱን እህትማማቾች ሲያይ፣ ከአልማዛቸው ሥር አባባ ጎርዮ የተኛበት ፍራሽ ይታየዋል። ያ ተማሪ በመጀመሪያ ጊዜ ያለ በር፣ ያለ ቀዳዳ ጓዳውን አየ። ይህን ማየት ለመማር መጽሐፉን በሙሉ ፈጅቶበታል።

ልጆቹ አልመጡም። ሽማግሌው በሚያቃጥል ትኩሳት ውስጥ ሆኖ «አይመጡም፤ ይህን ካወቅሁ አሥር ዓመት ሆነኝ። አንዳንዴ ለራሴ እለው ነበር፣ ላምነው ግን አልደፈርኩም» ይላል። ከሁሉም ጓዳ ጥልቁ ይህ ነው፤ ሰው ከራሱ የዘጋው። ወዲያው ደግሞ «ይመጣሉ» ይላል። በመጨረሻ ዓይኑ አያይም። ራስቲኛክና የሕክምና ተማሪው ቢያንሾን ፍራሹን ሊያስተካክሉ ከአልጋው ግራና ቀኝ ተጎንብሰዋል። እጆቹን ሲዘረጋ ሁለት ራስ ነካ። ፀጉራቸውን ጨብጦ ያዘና «መላእክቶቼ!» አለ።

የቀብሩን ነገር በአጭሩ፦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተማሪውና ክሪስቶፍ ብቻ ነበሩ። ጸሎቱ 70 ፍራንክ ተከፍሎበት 20 ደቂቃ ቆየ። አስከሬኑ ሲወጣ ግን ሁለት የቤተሰብ ዓርማ ያለባቸው ሠረገሎች ደረሱ፣ የአማቾቹ የቆንት ደ ሬስቶና የባሮን ደ ኑሲንዤን። ውስጣቸው ማንም የለም። ባዶአቸውን እስከ ፔር ላሼዝ መቃብር ድረስ ተከተሉ። ራስቲኛክ ለቀባሪዎቹ ጉርሻ አጥቶ ከአሽከሩ ከክሪስቶፍ 20 ሱ ተበደረ።

መጽሐፉን ይዛችሁ የመጣችሁ አሁን የመጀመሪያውን ክፍል ክፈቱ፤ የተቀባው ቅስት ያለበትን ገጽ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብልን፣ ሌሎቻችሁ እርሳስ ያዙ። በየዓረፍተ ነገሩ እያቆምን «ይህ ደጅ ነው ወይስ ጓዳ?» እያልን እንሄዳለን። ከፊት ረድፍ ማን ይጀምርልኛል?